መዝገቡ ንጹሕ፣ ሐይቁ ቆሻሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ሰሞን፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግሉ ባልና ሚስት አመሻሽ ላይ ወደ ቤታችን መጡ። ባልየው በጣና ዳርቻ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ነው። ቡና ተፈልቶ የቤተሰቡን ደኅንነት ተጠያይቀን ስናበቃ ባልየው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። የተናገረችው ሚስቱ ናት።

«እትዬ፣ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ፈርም ብለውታል። እርሱ አልፈርምም ብሎ ይኸው ሦስት ቀን እንቅልፍ የለውም። እባክዎ እርስዎ ይንገሩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በበዓሉ ምክንያት ማረፊያው በእንግዳ ተሞልቷል። የመጸዳጃ ቤቱና የወጥ ቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድም ሞልቷል። መምጠጫ መኪና ለመጥራት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መኪናው በእንግዶች ፊት ሲሠራ ደግሞ ሽታው ያሳፍራል። ስለዚህ ኃላፊው በሌሊት ቱቦ ተዘርግቶ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዲለቀቅ አዘዘ። ሥራውን ሌሎች ሠሩት። ከዚህ ወንድም የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጥገናው መዝገብ ላይ «መኪና መጥቶ ጉድጓዱ ተመጥጧል» ብሎ እንዲጽፍና እንዲፈርም።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል የሚያኮራ አልነበረም። የሚስቱን ሆድ አየሁ፤ የቤት ኪራያቸውን አሰብሁ። «ለጊዜው ፈርም፤ ከዚያ እንጸልይበታለን፤ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል» አልሁት። ስለ ታማኝነት ስንት ጊዜ ያስተማርሁ ሰው፣ ፈተናው ወደ ሳሎኔ ሲገባ ያገኘሁት ምክር ይህ ነበር። ባለቤቴ ሲኒውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ተመለከተኝ። ያ ወንድም ግን ቀና ብሎ፣ «ፓስተር፣ ቱቦውም ከብዶኛል፤ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ፊርማው ነው» አለ።

ይህን ቃል በሚገባ የተረዳሁት ከእኛ እጅግ ሩቅ በሆነ ውቅያኖስ ላይ ስለተፈጸመ አንድ ወንጀል ካነበብሁ በኋላ ነው።

«የአስማት ቧንቧ»

የመዝናኛ መርከብን አብዛኞቻችን የምናውቀው በፊልም ነው። መርከቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ከተማ ነው ማለት ይቻላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞችንና ሠራተኞችን ይዞ ይጓዛል። እንደ ማንኛውም ከተማ ቆሻሻ አለው። ከሞተሮቹ የሚንጠባጠበው ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ብክለት መከላከያ ስምምነት፣ ይህ ውሃ ዘይትን በሚለይ መሣሪያ ውስጥ ሳያልፍ ወደ ባሕር እንዳይለቀቅ ይከለክላል። የሚለቀቀውም ውሃ ቢሆን የዘይት መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ15 እጅ መብለጥ የለበትም። ተለይቶ የቀረው ቆሻሻ ወደብ ላይ በክፍያ ይራገፋል። ይህ ሁሉ ደግሞ «የዘይት መዝገብ» በሚባል ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ኃላፊዎችም ይፈርሙበታል።

እንግዲህ ማጭበርበር የፈለገ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው መለያ መሣሪያውን ዘልሎ የሚያልፍ ቧንቧ ነው። ሁለተኛው የሚዋሽ መዝገብ ነው። በመርከብ ሥራ ዓለም ቧንቧው «የአስማት ቧንቧ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ ከእንግሊዝ ጠረፍ 23 ማይል ያህል ርቆ ሳለ 4,227 ጋሎን ገደማ ዘይት ያለበት ቆሻሻ በእንዲህ ያለ ቧንቧ ወደ ባሕር ለቀቀ። ይህ ወደ 16 ሺህ ሊትር ይጠጋል፤ በእኛ ቋንቋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 800 ያህል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት መሐንዲሶቹ ንጹሕ የባሕር ውሃ በመደበኛው መሣሪያ ውስጥ አሳለፉ። ለምን? መለኪያው ንጹሑን ውሃ አይቶ፣ ሁሉም በደንቡ መሠረት እንደተለቀቀ እንዲመዘግብ ነው። ቆሻሻው በአንድ በኩል፣ ንጹሑ መረጃ በሌላ በኩል ሄዱ።

በመርከቡ ላይ አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ይህን አየ። መርከቡ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ሲደርስ ሥራውን ለቀቀና ነገሩን ለእንግሊዝ የባሕር ባለ ሥልጣን አስታወቀ። ከእርሱ መሄድ በኋላ ዋናው መሐንዲስና ምክትሉ ቧንቧው እንዲነቀል፣ የበታቾቻቸውም ለመርማሪዎች እንዲዋሹ አዘዙ። ከዚህም አልፎ ዋናው መሐንዲስ ነገሩን የሚያጣራ መስሎ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። በእጁ ግን ሎስ አንጀለስ እየሰማ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። ሠራተኞቹም የሚናገሩት ነገር ዋናው መሥሪያ ቤት ጆሮ ሊደርስ እንደሚችል ተረዱ። በስብሰባው ላይ የተነገረው ቃልም እንደ መዝገቡ ለሰሚ ተብሎ የተዘጋጀ ሆነ።

መርከቡ በሴፕቴምበር 2013 ኒው ዮርክ ሲደርስ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርማሪዎች ወጡበት። ምርመራው ሲቀጥል፣ መርከቡ ሥራ በጀመረ በአንድ ዓመቱ፣ ከ2005 ጀምሮ በሕገ ወጥ መንገድ ቆሻሻ ይለቅ እንደነበር ታወቀ። በኩባንያው ሌሎች አራት መርከቦችም ሕገ ወጥ አሠራር ተገኘ። በዲሴምበር 2016 ባለቤቱ ፕሪንሰስ ክሩዝ ላይንስ በሰባት ከባድ ወንጀሎች ጥፋተኛነቱን ለማመንና 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሆን ተብሎ በመርከብ ለተፈጸመ ብክለት እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል የወንጀል ቅጣት አልነበረም።

ምክንያቱስ ምን ነበር? በፍርድ ቤቱ ሰነዶች መሠረት ዋናው መሐንዲስ ለበታቾቹ የሰጠው ምክንያት ገንዘብ ነው። ቆሻሻውን ወደብ ላይ በአግባቡ ማራገፍ ብዙ ያስወጣል፤ የበላዩ የሆነው ኃላፊም ይህን ወጪ መክፈል አይወድም የሚል ነበር። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ልብ እንበል። ሰው እንዲዋሽ «ዋሽ» የሚል ደብዳቤ አያስፈልገውም። «አለቃዬ ወጪ አይወድም» የሚል ፍርሃት ይበቃዋል።

ባሕሩ ሩቅ ነው፤ መዝገቡ ግን ወደብ ገባ

በእንዲህ ዓይነት ክሶች አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ቆሻሻው የሚለቀቀው የአሜሪካ ሕግ በማይደርስበት ሩቅ ባሕር ነው፤ መርከቡም የሌላ አገር ባንዲራ ይዞ የሚሄድ ነው። ታዲያ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በምን ይይዘዋል? በመዝገቡ! የሐሰት መዝገብ ይዞ ወደ ወደቡ መግባትና ለመርማሪ ማቅረብ በራሱ ወንጀል ነው። የተደፋው ዘይት በማዕበል ተበትኖ ሊጠፋ ይችላል። የተፈረመው ውሸት ግን ከፈራሚው ጋር ይጓዛል።

ቅጣት ብቻውን ልብ እንደማይለውጥም ይኸው ታሪክ ያሳያል። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ በ1999 ለተመሳሳይ ወንጀል 18 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። የፕሪንሰስ ባለቤት የሆነው ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ራሱ በ2002 የዘይት መዝገብን በማጭበርበር 18 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከ2016ቱ ስምምነት በኋላም የካርኒቫል መርከቦች ለአምስት ዓመት በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ሆኑ። ሆኖም በ2019 ኩባንያው የክትትሉን ግዴታዎች መጣሱን አምኖ ተጨማሪ 20 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከጥፋቶቹ መካከል ፕላስቲክ ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ቀላቅሎ በባሃማስ ውሃ ውስጥ መድፋት፣ የሥልጠና መዝገቦችን ማጭበርበር፣ ደግሞም መርማሪዎች ከመድረሳቸው በፊት ስሕተቱን የሚያስተካክሉ ቡድኖችን ወደ መርከቦቹ በድብቅ መላክ ይገኙበታል። በ2022 ፕሪንሰስ ነጻ የውስጥ መርማሪ ክፍል አላቋቋመም ተብሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደገና ተቀጣ።

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ሳሎኑን ብቻ የምንጠርግ፣ የጓዳውን በር የምንዘጋ እኛ ይህን አሠራር በሚገባ እናውቀዋለን!

ወደ ጣና እንመለስ

ይህ የሩቅ ሰዎች ኃጢአት ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ደጃችን ያለውን ውሃ እንመልከት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ ውቅያኖስ የሚደፋበትን ሁሉ ውጦ አያስቀርም። ከዚህ ሐይቅ ዓባይ ይወጣል። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ከዘጌ እስከ ጎርጎራ በዳርቻው የሚኖሩ ስንት ቤተሰቦች ከውሃው ይቀዳሉ፣ ያጠምዳሉ፣ ልጆቻቸውን ያጥባሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ዜና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ባሕር ዳር ቆዳ ፋብሪካ፣ በ2015 ስለ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ የታተሙ ጥናቶች፣ ፍሳሹ በዓባይ መውጫ የውሃውን ጥራት እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሣ የተሠራ ነው፤ በከተማችን ስንት ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል! እነዚህን ሥፍራዎች ያነሣሁት መዝገብ አጭበረበሩ ለማለት አይደለም። እንጀራና ንጹሕ ውሃ ሁለቱም ከአንድ ወንዝ ዳር እንደሚፈለጉ ለማሳየት ነው። የዚያ ወንድም ጭንቀትም ይኸው ነበር።

እንቦጭንም እናስታውስ። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲያወጣው ኖሯል። እንቦጭ የሚወፍረው ከእርሻ ማሳ ታጥቦ በሚገባ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማና ከሆቴል በሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። ሰው በመዝገቡ ላይ ያልጻፈውን ሐይቁ በላዩ አረንጓዴ አድርጎ ይጽፈዋል።

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ብክለት ያየ ሰው ጉዳቱ በግሉ ባይደርስበትም አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችልም ይደነግጋል። ስለዚህ «ምን አገባህ?» የሚለው የአገራችን ጥያቄ በሕግ መልስ አግኝቷል፤ ያገባዋል!

ነቢዩ ሕዝቅኤል ከዚህ ሕግ እጅግ ቀድሞ ስለዚህ ነገር ተናግሯል። ጥሩውን ውሃ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን፣ ሌሎቹ በጎች ግን የደፈረሰውን እንዲጠጡ የሚያደርጉትን በጎች ይገሥጻል (ሕዝ. 34፥18-19)። በሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም።

ባልና ሚስት ሲስማሙ

በዚያ ምሽት ከእንግዶቻችን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወደ አእምሮዬ የመጡት ሐናንያና ሰጲራ ነበሩ (ሐዋ. 5፥1-11)። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስለ መባ ሲሰበክበት እንሰማለን። ነገር ግን የሒሳብ ታሪክም ነው። መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋው አስቀሩ። ማስቀረታቸው በራሱ ኃጢአት እንዳልነበረ ጴጥሮስ ግልጽ አድርጎታል፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነበር። ኃጢአቱ ከፊሉን ሙሉ ብለው ማቅረባቸው ነው። ሁለተኛም ነገር አለ፤ ሚስቱ ታውቅ ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጴጥሮስ ለብቻዋ ጠየቃት። እውነቱን ለመናገር የራሷ ዕድል ተሰጣት። እርሷ ግን ባሏ በጻፈው መዝገብ ላይ ፈረመች።

ሐናንያ ገንዘቡን ሊደብቅ ባሰበበት ሌሊት ሰጲራ «ተው፤ ያስቀረነውን አስቀርተናል እንበል» ብትለውስ ኖሮ? እኔም በዚያ ምሽት ሰጲራን ሆኜ ነበር። ያውም የሌላ ሰው ቤት ገብቼ!

ስንቶቻችን ባለቤታችን ስለሚፈርመው ነገር እናውቃለን? በከተማችን ሁለት መዝገብ መያዝ እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ለገቢዎች፣ ሌላው ለባለቤቱ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ይሸጣል፤ ያልተገዛ ዕቃ ተገዛ ተብሎ ይወራረዳል። ያልተሰጠ ሥልጠና ተሰጠ ተብሎ አበሉ ይበላል። ማታ ቤት ሲገባ ሚስት «እንዴት ዋልህ?» ትላለች፤ «ደኅና» ይላል። በእርግጥ ደኅና ውሎ ይሆን? ሚስትም ሠራተኛ ከሆነች ጥያቄው ለእርሷም ነው።

ማለዳ ተነሥቼ ወደ እነዚያ ባልና ሚስት ቤት ሄድሁ። እርሱ ሥራ ሄዷል። እርሷን «ትናንት የመከርኋችሁ ከፍርሃት እንጂ ከእምነት አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። አልቅሳ፣ «እትዬ፣ እኔም ሌሊቱን ነግሬዋለሁ፤ አትፈርም፣ የሚመጣውን አብረን እንበላዋለን ብዬዋለሁ» አለችኝ። ከእኔ ቀድማ ደርሳለች።

ዋጋው

ወንድማችን በመዝገቡ ላይ «ጉድጓዱ ሞልቷል፤ መኪና አልመጣም» ብሎ ጽፎ ፈረመ። በወሩ መጨረሻ የሥራ ውሉ አልታደሰም።

በእንግሊዝ ወደብ ሥራውን የለቀቀው ያ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። የእኛ ወንድም ግን ሽልማት አልተሰጠውም። ስምንት ወር ያለ ቋሚ ሥራ ቆየ። ያገኘውን የቀን ሥራ ሠራ። ሚስቱ ከወለደች በኋላ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ መሸጥ ጀመረች። ኋላ በአንድ ጋራዥ ተቀጠረ፤ ደመወዙ ከቀድሞው ያነሰ ነው። ይህን የምጽፈው «ታማኝ ሁኑ፤ ወዲያው ትከብራላችሁ» የሚል ስብከት ስለበዛ ነው። ታማኝነት ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቤተሰቡ ነው።

ስለዚህም ነገሩ የአንድ ሠራተኛ ጀግንነት ብቻ መሆን የለበትም። ከዚህ ታሪክ የተማርናቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ባለትዳሮች ፈተናው ሳይመጣ ተነጋገሩ። በሥራ ቦታ የማትፈርሙት ነገር ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አለቃ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ አዲስ ውሳኔ ማድረግ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ቆጥቡ። መሶቡ ባዶ የሆነ ሰው «እምቢ» ለማለት ይቸግረዋል። ዕቁብም ይሁን ባንክ፣ የሁለትና የሦስት ወር ወጪ ያለው ቤት ለእውነት ቦታ አለው።

ሦስተኛ፣ አሠሪዎች የሆናችሁ ወገኖች ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሠራተኛዬ መጥፎ ዜና ይዞልኝ መምጣት ይችላል? «ጉድጓዱ ሞልቷል፤ ገንዘብ ያስፈልጋል» ሲለኝ ፊቴ ይጠቁራል? ከጠቆረ በሌሊት ቱቦ እንዲዘረጋ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ለእውነት ብለው ሥራ ያጡትን ትደግፍ። በእኛ ዘንድ እህቶች በየወሩ ጤፍ አዋጥተው ለእነዚያ ባልና ሚስት አድርሰዋል። ከመድረክ ታማኝነትን የሚሰብክ ጉባኤ የታማኞቹን የቤት ኪራይም ሊያስብ ይገባዋል።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያ ወንድም ትልቁን ልጁን ይዞ በሐይቁ ዳር ሲሄድ አየሁት። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። አባትየው አልከለከለውም።

ለባለትዳሮች መወያያ

1. ባለቤቴ በሥራው ወይም በሥራዋ ስለሚገጥመው የመዋሸት ጫና መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?
2. እውነት በመናገሩ ሥራውን ቢያጣ በቤታችን የምሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ምን ይሆናል?
3. የቤታችን ወይም የድርጅታችን ፍሳሽ የት እንደሚገባ እናውቃለን? ከማን የመጠጥ ውሃ ጋር ይቀላቀላል?
4. የቤታችንና የድርጅታችን ሒሳብ ድንገት ቢጠየቅ ሳናስተካክል ማቅረብ እንችላለን?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።